ክርክር፦ የታዳሽ ኃይል ምርምር የመንግሥት ሥራ ነው?

ጉዳዩ፦ በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ጎልደን ከተማ የሚገኘው የመንግሥት ቤተ ሙከራ በ1977 እ.ኤ.አ. የፀሐይ ኃይል ምርምር ተቋም ተብሎ ሥራ ጀመረ፤ በ1991 ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ቤተ ሙከራ ሆነ። በግብር ከፋዩ ገንዘብ መቀጠል አለበት?

ተቃዋሚ፦ የለበትም። የሶላር ፓነልን ዋጋ ያወረደው ፋብሪካ ነው። ጀርመን በ2000 ባወጣችው ሕግ ከፀሐይ ለሚመነጭ ኤሌክትሪክ የ20 ዓመት የዋጋ ዋስትና ሰጠች፤ ገዢ ተገኘ። ከዚያ የቻይና ፋብሪካዎች በገፍ አመረቱ። ሰው ጣሪያው ላይ የሰቀለው የእነሱን ሥራ እንጂ የጎልደንን ጥናት አይደለም።

ደጋፊ፦ ገበያ ትዕግሥት የለውም። የሬገን መንግሥት በ1981 የተቋሙን በጀት ክፉኛ ሲቆርጥ፣ ዳይሬክተሩን ዴኒስ ሄይስንም ሲያነሣ፣ ክፍተቱን የሞላ ነጋዴ አልመጣም። እንዲያውም አርኮ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በኋላ የፀሐይ ድርጅቱን ለሲመንስ ሸጦ ወጣ። ቤተ ሙከራው ግን ጸንቶ በ2020 ካረፈበት ብርሃን 47.1 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ በጊዜው ክብረ ወሰን የሆነ የፀሐይ ሴል ሠራ።

ተቃዋሚ፦ ቁጥሩን ጻፉ፣ የተገኘበትን ሁኔታ ግን ተዉት። ብርሃኑ ተሰብስቦ ከመደበኛው ፀሐይ 143 እጥፍ በርትቶ ነው የተለካው! በማንም ጣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ብርሃን አያርፍም። አንባቢ ይህን የማወቅ መብት ነበረው።

ደጋፊ፦ አንባቢ አሳስተዋል መባል ለእኔ ቀላል ክስ አይደለም። ያለ ማጉያውን ከፈለጉ፣ በ2022 በተራ የፀሐይ ብርሃን 39.5 በመቶ ደርሰዋል። ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የተባሉት የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦቶች ማርስ ላይ የሄዱት መሠረቱ በ1980ዎቹ እዚያው በተጣለ የሴል ዓይነት ነው። ነፋሱንስ ለምን ዘለሉት? የተርባይን ካምቢዮ ለ20 ዓመት ተብሎ ተሠርቶ ቀድሞ ይሰበር ነበር፤ አምራቾቹም ብልሽታቸውን እርስ በርስ ይደባበቁ ነበር። ቤተ ሙከራው ከ2007 ጀምሮ አንድ ላይ አሰባሰባቸው፤ የተሰበረውን አስፈትቶ መረጃውን መዘገበ፤ አብዛኛው ብልሽት የሚነሣው ከጥርሶቹ ሳይሆን ከኩሽኔታው መሆኑን አሳየ። የትኛው ነጋዴ ነው ለተፎካካሪው ይህን የሚሠራለት?

ተቃዋሚ፦ ግብር የከፈለው ሰው የሚኖረው ማርስ ላይ አይደለም። የ39.5 በመቶው ሴልም ጋሊየም አርሴናይድ ከተባለው ውድ ቁስ ወገን ነው፤ በዋጋ የተራ ፓነል መሥሪያ ከሆነው ከሲሊከን ጋር አይቀራረብም። አሁንም ከዚያው ከክብረ ወሰን አልወጡም። ካምቢዮ መፈተሽ ይቀጥል። ፓነልን በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት አቆይቶ ጥንካሬውን መመርመርም ይቀጥል። የክብረ ወሰን ሩጫው ይቁም ነው የምለው።

ደጋፊ፦ መጀመሪያ የተናገሩት «የለበትም» ነበር። አሁን የትኛው ክፍል እንደሚዘጋ እየመረጡ ነው።

ተቃዋሚ፦ 143 እጥፉን ከመነሻው ቢጽፉ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።

ደጋፊ፦ እርስዎስ ከየት አወቁት? ቤተ ሙከራው ራሱ በይፋ ስላወጣው ነው። ከ1976 ወዲህ በዓለም ዙሪያ የተመዘገቡትን ምርጥ የሴል ውጤቶች በአንድ ግራፍ አሰባስቦ የሚያወጣውም እሱ ነው። ይህ ቢዘጋ አምራች በሸጠልዎ ዕቃ ላይ የጻፈውን ቁጥር ማን ይለካልዎታል?

ተቃዋሚ፦ ምርመራው ይቀጥል ብያለሁ፤ ልኬትም ምርመራ ነው። ለክብረ ወሰን ሴል ግን ግብሬን አልሰጥም።