ጭልፊቱን ያስለመዳችሁት እናንተው፣ የምትረግሙትም እናንተው

እረ በፈጠራችሁ! ሰሞኑን የሰፈር ግሩፕ ሁሉ እሮሮው ጭልፊት ብቻ ሆነ። «አሥራ ሁለት ፈልፍላ ሦስት ቀሩ»፣ «ከልጁ እጅ ላይ ሥጋ መንትፎ ሄደ»፣ «ይሄ ደግ ምልክት አይደለም»። ምን ምልክት አለው! ምልክቱ በአጥር አሻግራችሁ የወረወራችሁት የዶሮ አንጀት ነው።

እስቲ የበዓል ዋዜማን እናስበው። አንድ ቅያስ ላይ ሠላሳ ቤት ካለ ሠላሳ ዶሮ ይታረዳል። አሥራ ሁለቱ ብልት ድስት ይገባል፤ አንጀቱ፣ ላባውና ጭንቅላቱ በስስ ፌስታል ታስሮ ቱቦ ዳር ይጣላል። ፌስታሉን ውሻ ይቀደዋል፣ የቀረውን ጭልፊት ያነሳዋል። በማግስቱ ደግሞ ቅርጫው አለ፦ ፈርሱ ወንዝ ዳር ይገለበጣል፣ የቆዳ ትራፊው አጥር ላይ ይሰቀላል። ጭልፊት አንድ ቀን የበላበትን ቦታ አይረሳም። በየቀኑ ማግኘትም የለበትም፤ አልፎ አልፎ ካገኘ ይበቃዋል፤ እንዲያውም ተስፋ የማያስቆርጠው ይሄው አልፎ አልፎው ነው። በዓሉ አልፎ አንጀቱ ሲጠፋ ወፉ አሁንም ሰማዩ ላይ አለ፣ ከሥር ደግሞ የጎረቤት ጫጩት ትንጫጫለች። በዚህ ላይ ከመስከረም ጀምሮ አውሮፓና እስያ የሚዋለዱት ዘመዶቹ ክረምታቸውን ሸሽተው ይመጣሉ። በበጋው «በዛ» የሚባለው አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ሥጋ ቤት ደጃፍ ቆሞ ቁራጭ ወደ ላይ እየወረወረ ጭልፊቱ በአየር ሲቀልበው የሚስቀውስ? ያ ወፍ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ የሰው እጅ ማለት ሥጋ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጥሬ ሥጋ በሳህን ይዞ ግቢ የሚያቋርጥ ሰው ሁሉ ወርዋሪ ይመስለዋል። አመጣጡ ከኋላ ነው። ክንፉን ሳያርገበግብ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ በመንቁሩ ሳይሆን በእግሩ ይነጥቃል፣ ሳያርፍ እየበረረ አንገቱን አጎንብሶ ከጥፍሩ ላይ ይበላል። ጥፍሩ ጣት ከቧጨረ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ በደንብ ይታጠብ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ የቴታነስ ክትባት መጠየቅ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከወፍ አይመጣም፤ በዚያ አትደንግጡ። ሥጋውን ግን ሸፍናችሁ ያዙት፣ ክዳን ነው የሚያስፈልገው።

ደግሞ የበረረውን ሁሉ ጭልፊት ማለት! ጭልፊት ጭራው መሐሉ ገባ ያለ፣ መንታ ነው፤ ሲዞር ያንን ጭራ እንደ መሪ ሲጠመዝዘው ይታያል። ጭራው አጭርና ቀላ ያለ፣ ሆዱ ብዙ ጊዜ ነጭ የሆነውና የመብራት ምሰሶ ላይ ተቀምጦ የምታዩት ሌላ ነው። የዚያ ዋና ሥራው አይጥና ፍልፈል ነው፤ ገበሬው በድንጋይ የሚያባርረው የራሱን አይጥ ያዥ ነው። ራሱ መላጣ የሆነው ትንሹ ጥንብ አንሳ ደግሞ (ሲቆጣ ፊቱ ደም ይመስላል) እግሩ ለመራመድ እንጂ አንቆ ለመንጠቅ አልተሠራም፤ ጫጩት ይዞ አይበርም። ጭልፊት ራሱ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ አያልፍም። ኪሎ ተኩል የምትመዝን ዶሮ ከጠፋች አንጋጣችሁ ሰማይ አትዩ፤ ሸለምጥማጥ ነው፣ ካልሆነም ባለ ሁለት እግር።

ከሁሉ የሚያቃጥለው ግን መርዙ ነው። «ለጅብ ነው»፣ «ለባለቤት አልባ ውሻ ነው» እየተባለ ሥጋ ላይ ይነሰነሳል። ጭልፊት ቁራሽ ነጥቆ ሲሄድ ጥንብ አንሳ በመንጋ ይወርዳል፤ አንድ የተመረዘ ሬሳ ላይ ስንቱ ባንዴ ያልቃል። የሚጥሉት ደግሞ በዓመት አንድ እንቁላል ነው፣ መቼ ይተካል? ትንሹ ጥንብ አንሳና ጀርባ ነጩ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለዋል። ሕንድ ውስጥ ለከብት በሚሰጥ ዳይክሎፌናክ ምክንያት ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ እየተበላሸ ሲያልቅ ጥንቡ ለውሻ ተረፈና ውሻው በዛ፤ መድኃኒቱን ለእንስሳት የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እኛም ውሻ ለመቀነስ መርዝ እናስቀምጣለን፤ የሚሞተው የውሻውን ምግብ የሚሻማው ወፍ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

እሺ ጫጩቱስ? ሲዲ ሰቅያለሁ አትበሉ። ሲዲ የሚሠራው ወፉ እስኪለምደው ነው፣ ለጥቂት ቀን። አንድ ቦታ ተሰቅሎ የከረመ ማስፈራሪያ ጌጥ ነው። የሚያዋጣው ማገድ ነው፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት። ለአንዲት እናትና ለአሥር ጫጩት ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን በሞራሌ ምቱ፤ ጎኑንም ላዩንም ዓይኑ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ የዶሮ ሽቦ አልብሱት። ሰፋ ያለ ሽቦ ከሆነ ጫጩቷ አንገቷን ታወጣለች፣ ከዚያ ድመት አለ። ከላይ ግማሹን ቆርቆሮ ይሸፈን፣ ጥላ ካጡ ፀሐዩ ይጨርሳቸዋል። ሽቦውን ከታች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ መሬት ላይ ዘርግታችሁ ድንጋይ ጫኑበት፤ ሸለምጥማጥ የሚቆፍረው ከግድግዳው ሥር ስለሆነ ሽቦው ላይ ይቆማል።

ግቢው ሰፊ ከሆነ በሰው ቁመት ልክ ሲባጎ ወይም ናይለን ክር በየ40 ሳንቲ ሜትር ዘርጉ፣ በሁለቱም አቅጣጫ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ በአንድ በኩል ብቻ ዘርግቶ ይተወዋል፣ ወፉም በክሮቹ መሐል በቁመቱ ይገባል። ክንፉ ሲዘረጋ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ስለሚጠጋ የተጠላለፈ ክር ውስጥ ለመግባት አይደፍርም። መረብ የሚዘረጋ ደግሞ ከሥሩ በየሜትር ተኩሉ የተወጠረ ሽቦ ያሳልፍ። የረገበ መረብ ወፍ ጠልፎ ይይዛል፤ አረንጓዴው የጥላ መረብማ የሐምሌ በረዶ ሲጠራቀምበት እንዳለ ጫጩቱ ላይ ይወድቃል።

ይሄ ሁሉ ገንዘብ ነው ካላችሁ፣ ጥርግ ያለ ባዶ ግቢ ውስጥ አትልቀቋቸው። እናቲቱ ጥላውን ስታይ ትጮሃለች፣ ጫጩቶቹም ይሮጣሉ፤ ግን ወዴት? ጌሾ ወይም ኮባ ሥር ካለ ጥሩ። ከሌለ አሮጌ ቅርጫት ድፉና አንዱን ጎን በድንጋይ አሥር ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። በየአራት አምስት ሜትሩ አንድ ይሁን፣ ከዚያ ከራቀ አይደርሱበትም። የሞተ ጫጩትም ቆሻሻ ላይ አይወርወር፣ ይቀበር።

አንጀቱም ያው ነው። ለአንድ ቤት የበዓል ዶሮ ጥልቀቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ጉድጓድ፣ ላዩ ላይ አመድ ወይም ኖራ፣ ከዚያ አፈሩን መልሶ በእግር ጠቅጥቆ ድንጋይ መጫን። ጥልቀት ከሌለው ውሻ አውጥቶ እንደገና ለጭልፊቱ ያቀርብለታል። የቅርጫ ማኅበርተኞች ደግሞ በሬ ለመግዛት ገንዘብ እንደምታዋጡት ሁሉ ፈርሱን የሚያነሳ ጋሪ አብራችሁ ተከራዩ። ጉድጓዱ ከዋዜማው በፊት ይቆፈር፤ ዶሮ ታርዶ ሽንኩርት እየተቁላላ ዶማ የሚፈልግ ሰው እስካሁን አልታየም።