ከመገናኛ 15 ደቂቃ ብቻ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ደላላ ደወለልኝ። በድምፁ ስገምተው በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስም፤ ሆኖም "አባቴ" ይለኛል። "አባቴ፣ ለገጣፎ አንድ ቪላ ይዤልዎታለሁ። 200 ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ ሰርቪስ ቤት ያለው፣ ከመገናኛ 15 ደቂቃ ብቻ!" ከዚህ ሁሉ ውስጥ የተጠራጠርኩት ካርታውን ነበር። ካርታው እውነት ሆኖ ተገኘ።

ከመገናኛ የተነሳሁት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ተነሳሁ ስል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ ማለቴ ነው፤ ረዳቱ "አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!" እያለ ከዚያ በኋላ አምስት ሰው አስገብቷል። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ገና ከመገናኛ ሳንወጣ ትከሻዬ ላይ አንቀላፋ። ሲኤምሲን ተኝቶ አለፈ፤ አያትንም ተኝቶ አለፈ። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቀው ዓይኑን ሳይገልጥ ከኪሱ የተቆጠረ ብር አውጥቶ ሰጠ። መኪናው አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲነጥር ደግሞ "ወራጅ አለ!" ብሎ ቀጥ ብሎ ተነሳና ወረደ። ይህ ሰው ቤት ገዝቷል አልኩ በልቤ። ተከራይ እንዲህ አይተኛም።

ለገጣፎ የደረስኩት ለ4 ሰዓት 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ደረስኩ ማለትም አይቻልም፤ ቤቱ "ከአስፋልቱ ገባ ብሎ" ነበር።

"ገባ ብሎ" የምትባለው ቃል በሕግ ልትያዝ ይገባታል። በእኛ በተራዎቹ ሰዎች አማርኛ "ገባ በል" ማለት ከደጃፉ አንድ እርምጃ ማለት ነው። በደላላ አማርኛ ግን ኮብልስቶኑ ያልቃል፣ ባለ ባጃጁ "ከዚህ በኋላ ጭቃ ነው" ብሎ ያወርድሃል፣ ሁለት ውሾች ተቀብለው እስከ ቀጣዩ አጥር ይሸኙሃል፣ እዚያ ያሉት ሌሎች ሁለት ውሾች ይረከቡሃል። "ትንሽ ገባ ብሎ" ከተባለ ስንቅ መያዝ ነው።

ደላላው በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። የዘገየሁት እኔ ነኝና።

"15 ደቂቃ ብለውኝ ነበር" አልኩ።

"መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው እንጂ፣ አባቴ።"

"መቼ ነው ክፍት የሚሆነው?"

ከልቡ አሰበ። "ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ወለል ብሎ ይከፈታል።"

ግቢው መልካም ነው፤ አልዋሽም። የማዕድ ቤቱን ቧንቧ ብከፍተው ግን ሳል የመሰለ ድምፅ አሰምቶ ዝም አለ። "ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፤ ሮቶ አለው" አለኝ። እንግዲህ የአዲስ አበባን ሕዝብ የሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብ እዚያው ጎረቤት ነው። ውኃውም እንደ ሰዉ ማልዶ ወደ ከተማ ይወርዳል ማለት ነው። ልዩነቱ ውኃው በቧንቧ ስለሚሄድ አያት አደባባይ ላይ አይቆምም።

ደላላስ እንጀራው ነው፤ ኮሚሽኑን እስኪያገኝ ይዋሽ። እኔን የሚያናድደኝ ገዝቶ የገባው ሰው ነው። ሱሉልታ ቤት የገዛ የሥራ ባልደረባ አለኝ። "እንጦጦን ከተሻገርክ እኮ 20 ደቂቃ ነው" ይላል፤ እንጦጦ የበር ጉበን ይመስል። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ከቤቱ ይወጣል፤ ጥበቃው በሩን ሳይከፍት ቢሮው ደጃፍ ይደርሳል፤ ጠረጴዛው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይተኛል። ዓምና በሰዓት አክባሪነቱ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። ሱሉልታ ሯጮች የሚለማመዱበት ከፍታ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ በ20 ደቂቃ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ካለ ከእነሱ አንዱ ነው።

ቢሾፍቱ የገዛው ወዳጄ ደግሞ ዘዴው ሌላ ነው፤ ከመንገዱ የሚስማማውን ቁራጭ ብቻ ይቆጥራል። የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2006 ዓ.ም. ሲከፈት ነው የገዛው። "እስከ ቱሉ ዲምቱ 25 ደቂቃ" ይላል፤ እውነቱን ነው። ግን ቱሉ ዲምቱ ላይ ማን ቢሮ አለው? ከዚያ በቃሊቲ በኩል መስቀል አደባባይ እስኪደርስ የሚያልፈው ከአንድ ሰዓት በላይ ሂሳብ ውስጥ አይገባም፤ የከተማው ጥፋት ነው፣ የእሱ አይደለም። አቡሴራ አካባቢ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ነው ከተባለ ወዲህ ጭራሽ ራቅ ያለችው አዲስ አበባ ሆናለች። "ሐይቅ አለን" ይለኛል። ሆራን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው ብለው ጊዜውን ማስታወስ አቃተው። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚገባ ሰው ምን ሐይቅ ያያል?

አንድ የምወደው ተረት አለ፤ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።" ከልጅነቴ ጀምሮ የሚከነክነኝ ወተቱ ሳይሆን ላሟ እንዴት ሰማይ እንደወጣች ነበር። ማን አወጣት? በየት በኩል? አሁን ሲገባኝ ሰውየው ተመዝግቦላት ነው። 40 በመቶውን ቆጥቧል፣ 60 በመቶውን ባንክ ሊያበድረው ተስፋ ሰጥቶታል፣ የላሟን ንድፍ በቀለም አሳይተውታል፤ ከጀርባዋ አረንጓዴ ሣር፣ ከሣሩ ላይ ፈገግ ያሉ ልጆች። ሰማይ የወጣችው ዕጣው እስኪደርስ ማቆያ ቦታ ጠፍቶ ነው።

እኔ ራሴ ባለ ላም ነኝ። በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ስመዘገብ የመጨረሻው ልጄ ጡት አልጣለም ነበር፤ ዛሬ ድምፁ ጎርንኖ ስልክ ሲያነሳ ሰዎች እኔ እየመሰልኳቸው ገንዘብ ይጠይቁታል። በሐምሌ 2014 ዕጣ ወጣ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ፤ ብዙም ሳይቆይ የኮምፒውተሩ ሥርዓት ላይ ማጭበርበር ተፈጽሟል ተባለና ዕጣው ተሰረዘ። የእኔ ስም በተሰረዘው ዝርዝር ውስጥ እንኳን አልነበረም።

ላም በሰማይ ካለ ደግሞ ቤቱ በጨረቃ ቢሆን አይገርምም። ጨረቃ ቤት ያለ ፈቃድ በአንድ ሌሊት ተሠርቶ ሲነጋ ለዘመናት የኖረ መስሎ የሚቆም ቤት ነው። ስሙ ይጣፍጣል፤ ነገሩ ግን አይጣፍጥም። በየካቲት 2011 እዚሁ ለገጣፎ ውስጥ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች በዶዘር ሲፈርሱ፣ ግብር ስንከፍልበት ነበር የሚሉ ሰዎች ፍርስራሽ አጠገብ ተቀምጠው አይተናል። መብራት ሲገባለት ቤት የሆነ ነገር ዶዘር ሲመጣ ቤት አይደለም የሚባለው በምን ቀመር ነው? ያጠፋው ሻጭ ብሩን ይዞ ሄዷል፣ ዝም ብሎ ያየው አካል ዝም እንዳለ ነው፣ ሜዳ ላይ የቀረው ገዢው ነው። እዚህ ላይ ልቀልድ ብል ቀልዱ አልመጣልኝም።

ለዚህ ነው ካርታ ካርታ የምለው። ካርታ ስል ደግሞ ጋሼ ትዝ ይለኛል፤ ሳልልም ትዝ ይለኛል።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። በ1994 ዓ.ም. አንድ የምናውቃቸው ሽማግሌ ከነካርታው 500 ካሬ ቦታ ሊሸጡልኝ ነበር፤ እዚያው ለገጣፎ። ዋጋውን አልናገርም፤ ዛሬ በዚያ ብር የግቢውን በር ቀለም ማስቀባትም አይቻልም። እንደ ወጉ ጋሼን አማከርኩት። ሲኒውን አስቀመጠና አፈጠጠብኝ። "ጅብ የሚጮኽበት ቦታ ልጆች ልታሳድግ ነው? ሰው ነህ አንተ?" ታላቅ ነውና ሰማሁት፤ ሽማግሌውንም ይቅርታ ጠየቅኩ። በዓመቱ ቦታውን ማን ገዛው? ጋሼ! ጅቡስ ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"እኔማ ጅብ አልፈራም።"

ዛሬ ጅቡ የለም፤ ኪራይ አልቻለ ይሆናል። ጋሼ ግን አለ፤ ግቢው ውስጥ ሁለት የኮክ ዛፍ ተክሎ፣ ከኋላ አራት ክፍል ሰርቪስ አከራይቶ ይኖራል። በዓል በመጣ ቁጥር ቁርጡን እየቆረጠ "ያኔ ብትገዛ ኖሮ እኮ ጎረቤት ነበርን" ይለኛል። ይህንን ሲል ፊቱ ላይ ቅንጣት ተንኮል የለም። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

ቪላውን አልገዛሁም። ዋጋው ሲነገረኝ ደላላው "ሚሊዮን" የሚለውን ቃል እንደ ኮማ ዘለለው፤ ቁጥሩን ብቻ ጠርቶ ወደ ጣሪያው አሳየኝ። ሰኞ ዕለት መልሶ ደወለ። "አባቴ፣ በበጀትዎ ልክ ሰንዳፋ አገኘሁልዎት። 20 ደቂቃ!" ሰንዳፋ ከለገጣፎም ከለገዳዲም አልፎ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጨመረብኝ 5 ደቂቃ ብቻ። ትንሽ ቢገፋ ደሴን በግማሽ ሰዓት ያስገባኝ ነበር። አስብበታለሁ አልኩት፤ እያሰብኩበትም ነው፣ ምን አማራጭ አለኝ?

ጋሼ ለእሁድ ምሳ ጠርቶናል፤ 7 ሰዓት ላይ። "ምን አላችሁ፣ ከመገናኛ 15 ደቂቃ ናት" አለ በስልክ። ባለቤቴ ልጆቹ ከ4 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ልብሳቸውን ለብሰው እንዲጠብቁ ነግራቸዋለች። እኔን ደግሞ ጅብ የሚል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ አስምላኛለች።