«እኔ የታለሁ?»

ለ22 ዓመት የቴሌቪዥን ካሜራ ተሸክሜያለሁ። ቀኝ ትከሻዬ ዝቅ ያለው በሱ ነው። ሥራውን ለቅቄ ወደ ትውልድ ከተማዬ ደብረ ብርሃን ስመለስ፣ «ምን ልትሠራ አሰብክ?» ላለኝ ሁሉ «ሰርግ እቀርጻለሁ» አልኩ። ሰዉ በሐዘኔታ ያየኝ ጀመር። እኔ ግን ልቤ ሞልቷል። የስንቱን ባለሥልጣን ንግግር የቀረጸ ሰው ኬክ ሲቆረስ መቅረጽ ያቅተዋል?

አቃተኝ።

የመጀመሪያው ሰርጌ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነበር። ሰርግ ወቅት አለው። ዋናዋ ከጥምቀት እስከ ዓቢይ ጾም ያለችው ጊዜ ናት። ከዚያ 55 ቀን ሰዉ ከሥጋ ሲጾም እኔ ከቀብድ እጾማለሁ። ስለዚህ በጥር የተገኘ ሰርግ አይመለስም።

ችግሩ የደብረ ብርሃን ጥር ውርጭ ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ናት። ሙሽሪት ግን ትከሻዋ የተገለጠ ቬሎ ለብሳ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሜዳ ላይ ቆማለች። ረዳቴ፣ ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው ጊምባል ከእጁ የማይለይ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ትራይፖዱን ይተዉትና በስሎው ሞሽን እንውሰዳት» አለኝ። በሰከንድ 50 ፍሬም ቀርጸህ በ25 ስታጫውተው እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል። ፍቅር እንዲመስል ነው። በኋላ ቁጭ ብለን ስናየው የሙሽሪት ጥርስ ሲንገጫገጭ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሙሽራው አዝኖ ኮቱን ሊደርብላት ሲል ሚዜው «ፎቶ ታበላሻለህ!» ብሎ መለሰው።

ባትሪም በብርድ ይደክማል። ትርፉን ባትሪ ብብቴ ሥር ወሽቄ እያሞቅኩ ዋልኩ። ከውጭ ወደ ዳሱ ስገባ ደግሞ የዶሮ ወጡ እንፋሎት የቀዘቀዘውን ሌንስ ጉም አለበሰው። የሙሽሮቹን አገባብ ያየ ሰው ጉም በማይለየው ጣርማ በር ላይ የተሰረጉ ነው የሚመስለው። ጉሙ ሲለቅ መብራት ጠፋ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ታየ በተባለው ብርሃን ነው ይባላል። እኔ የዚያን ቀን ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰው ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ከሁሉ የባሰው ግን ማይኩ ነው። ለምን እንደያዝኩት እንጃ፤ እጄ ለምዶት ይሆናል። ወደ ሙሽራው አባት ተጠግቼ «ምን ተሰማዎት?» አልኳቸው። ሲመርቁ ድንጋይ የሚያስለቅሱ ሰው ናቸው። ማይኩን ሲያዩ ግን ቀጥ ብለው ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በቅድሚያ ይህ ዕድል ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ። ልጄን በመዳሬ ተጠቃሚ ሆኛለሁ። የቀሩት ጥቃቅን ችግሮች ደግሞ በሂደት ይፈታሉ ብዬ አምናለሁ።»

የሙሽሪት እናት «የምን ችግር?» በሚል ዓይን አፈጠጡባቸው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ይህን አነጋገር ለ22 ዓመት ያስጠናናቸው እኛው ነን።

ኤዲቲንጉን በሦስት ቀን ጨረስኩ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ስድስት ሰከንድ፣ ሰዉ ሲያጨበጭብ አራት ሰከንድ። ከላይ በራሴ ድምፅ፣ «በሥነ ሥርዓቱ ላይ የሁለቱም ወገን ቤተሰቦችና ጥሪ የተደረገላቸው እንግዶች ተገኝተዋል» ብዬ አነበብኩበት። ለኔ የተጣራ ሥራ ነበር። ቤተሰቡ ቡና አፍልቶ፣ የደብረ ሲና ቆሎ ቀርቦ፣ ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰካ። አለቀ። ማንም አልተነቃነቀም።

«ይሄ ማስታወቂያው ነው?» አሉ የሙሽሪት አክስት።

የነገሩ ባለቤት ሙሽሮቹ ይመስሉኝ ነበር። አክስት ናቸው። ቀሪው ሂሳብም በሳቸው እጅ ነው። «ስማኝ ጋዜጠኛው፣ አንድ ሰው ሳይቀር ካላስገባህ ብሩን አታየውም» ብለው ሸኙኝ። ተመልሼ አራት ሰዓት ከሩብ አደረግኩት።

ሁለተኛው ዕይታ ላይ ሪሞቱን የያዙት እሳቸው ናቸው። ያኔ ነው የሰርግ ቪዲዮ መዝገብ መሆኑ የገባኝ። «አቁሚው! ይቺ መጥታ ነበር? እኛ ለቅሶዋ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጠን፣ እሷ ቁርጡን በልታ መውጣት!» ይላሉ፤ ሪሞቱ በእጃቸው ስለሆነ የሚያዙት የራሳቸውን ጣት ነው። ትንሽ ይሄድና፣ «ያ ሰውዬ አሞኛል ብሎ አልነበር? እስክስታውን እዩልኝ!» አንዱ ጎረቤት ሦስቴ ሲበላ ተቆጠረበት። እንዲህ እያለ ቡናው በረካ ደረሰ። አራት ሰዓት ከሩቡ አለቀ። አክስት ሪሞቱን አስቀመጡ።

«እኔ የታለሁ?»

እውነትም የሉም። ቀኑን ሙሉ ጓዳ ነበሩ። «ወጡን ያወጣሁት እኔ፣ እንጀራውን ያስቆጠርኩት እኔ፣ ቪዲዮው ላይ የሌለሁት እኔ!» አሉ። ቅሬታቸው ልክ ነው። እኔም ማታውን ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አገኘኋቸው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ እንደበራ ትቼ ምሳ ስበላ የተቀረጸ ነው። የጓዳው በር ከኋላ በኩል ይታያል።

በማግስቱ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ሁለት ጎረቤት ጠርተው ጠበቁኝ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ብቻዎን ቢያዩት?»

«ምን ብቻዬን! ሁሉም ይየኝ እንጂ!»

እኔ ደግሞ በቴሌቪዥን ዘመኔ የሚወጣውን ከመቅረጽ ይልቅ የማይወጣውን መቁረጥ ነው በደንብ የተማርኩት። በስብሰባ መሃል የሚያንቀላፋ ሹም ስንቴ ቀርጫለሁ፤ ያየው ግን የለም። ላፕቶፑን ወደሳቸው ብቻ አዞርኩት።

ስክሪኑ ላይ አክስት ከጓዳ ብቅ አሉ። ግራ አዩ። ቀኝ አዩ። ከነጠላቸው ሥር ጥቁር ፌስታል አወጡ። ከትሪው ላይ አንድ ሙሉ ጎድን አንስተው ከተቱ። ቋጠር አደረጉና ነጠላቸውን መልሰው፣ ሙሽሮቹ ወዳሉበት አቅጣጫ ዞረው ረጅም እልልታ አቀለጡ።

«እስቲ እኛም እንይ!» አሉ ጎረቤቶቹ።

አክስት ላፕቶፑን በገዛ እጃቸው ቀስ ብለው ዘጉት።

«ጋሼ፣» አሉኝ። እስከዚያች ቀን «ጋዜጠኛው» እንጂ ጋሼ ብለውኝ አያውቁም። «ቀሪው ሂሳብ ስንት ነበር ያሉኝ?»