በብሎኮቹ መሀል ያለው መሬት ባዶ አይደለም

ሰሞኑን ያ የለመድነው መልስ ደግሞ መጣ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው፣ በብሎኮቻቸው መሀል ላለው ቦታ በማኅበራቸው ስም ካርታ ይውጣልን ብለው ጠየቁ። ከመሬት ቢሮው «የእናንተ ቤቱ ነው፤ ቦታው ባዶ ስለሆነ መሬት ባንክ ይገባል»፣ ማለትም መንግሥት በእጁ ከሚያስቀምጠው ክፍት መሬት ጋር ይመዘገባል ተባሉ። ያውም በቃል።

ባዶ! ይህችን ቃል ያመጣት ሰው ወይ ኮንዶሚኒየም ኖሮ አያውቅም፣ ወይ የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤት የሚኖር ሰው እንዲህ አይልም።

የአንድ ብሎክ መጸዳጃ ቤቶች ፎቅ በፎቅ ተደራርበው በአንድ ቧንቧ ይወርዳሉ። ቧንቧው ከግድግዳው እንደወጣ ማንሆል ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ማንሆል ለማንሆል እየተቀባበለ እስከ ዋናው መስመር ወይም እስከ ሴፕቲክ ታንኩ ይሄዳል። ፓምፕ የለውም፤ የሚነዳው ቁልቁለት ብቻ ነው። በየ10 ሜትሩ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። አሁን «ባዶ» በተባለው ቦታ ላይ አንዱ ለሱቅ መሠረት ቆፈረ እንበል። ቧንቧውን ባይሰብረው እንኳ የሞላው አፈርና ድንጋይ ሲጫነው መሀሉ ይረግባል። የረገበው ቦታ ላይ ቅባትና ጨርቅ ይጠራቀማል፣ ሳይውል ሳያድር ይዘጋል። መውጫ ያጣ ፍሳሽ ዝቅተኛውን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ዝቅተኛው ቀዳዳ ደግሞ የምድር ቤቱ ሻወር ወለል ላይ ያለው ነው። አራተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት ውሃ ይለቃል፣ ምድር ቤት ያለችው እናት በመጥረጊያ ትገፋለች። ማንሆሉ ይከፈት ሲባል የሱቁ ወለል ስር ነው። መምጠጫ መኪና ይምጣ ሲባል መግቢያው ታጥሯል።

ይህ ከመሬት በታች ያለው ነው። ከላይ ደግሞ ለእሳት አደጋ መኪና 4 ሜትር ያህል ስፋት ያለው መግቢያ ያስፈልጋል። የውሃ ቦቴ ቆሞ የሚገለብጥበት፣ ትራንስፎርመሩ ሲበላሽ ክሬን የሚጠጋበት ቦታ ያስፈልጋል። ለቅሶ አለ። ለአንድ ተቀማጭ 1 ካሬ ሜትር ብናስብ ለ100 ሰው የእድር ድንኳን 100 ካሬ ይፈልጋል፤ ይህን ደረጃ ላይ አትዘረጋውም። በፋሲካ ዋዜማ በጉ የት ይታረዳል? በርበሬው የት ይሰጣል? ልጆቹስ? እንግዲህ ባዶ የተባለው ይህ ሁሉ የሚሆንበት ቦታ ነው።

ሕጉን ለሚወዱ ደግሞ ሕጉ አለ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ማለት አምስትና ከዚያ በላይ በተናጠል የተያዙ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉት ሕንፃ መሆኑን ይገልጽና የሕንፃውን የመሬት ይዞታም ይጨምርበታል። የጋራ መጠቀሚያ የሚለውም ከተናጠል ቤቶቹ ውጪ ያለውን ሁሉ ነው። ሁሉ ማለት ሁሉ ነው። ቢሮው ግን «የሕንፃው ይዞታ» የሚለውን ግድግዳው ያረፈበት መሬት ብቻ አድርጎ ያነበዋል። በዚህ ንባብ ከሄድን ሴፕቲክ ታንኩ የማን ነው? ሕዝቡ ቤቱን ሲረከብ የተሰጠው ቁልፍ የሚከፍተው በር እንጂ የሚረግጠው መሬት የለውም ማለት ነው። እስቲ ይህን ዕጣ በወጣበት አዳራሽ ውስጥ ቆመው ይናገሩት!

«መሬት የመንግሥት ነው» የሚሉትም አሉ። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ደካማው ይህ ነው፤ የሚገርመው ግን ድምፅ ከፍ ተደርጎ የሚነገረውም ይኸው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የሚለው «የመንግሥትና የሕዝብ» ነው፤ ሁለተኛዋን ቃል የሚውጧት ለምንድን ነው? ደግሞስ ማን ይሸጥልን አለ? የተጠየቀው ይዞታ ነው። አዋጅ 721/2004 ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት፣ በአዲስ አበባ ለንግድ እስከ 60 ዓመት በሊዝ ይሰጣል። ያኔ መሬቱ የመንግሥት መሆኑ ማንንም አላስቸገረም። ለአንድ ባለሀብት ሲሆን «ይዞታ» የሚባለው ነገር፣ ለ300 አባወራ ሲሆን «ወረራ» የሚባልበትን ምክንያት የሚያስረዳን እስካሁን አልተገኘም።

ካርታ ላይ ሙጭጭ የምንለውም ለጌጥ አይደለም። በአዋጅ 1161/2011 መሠረት ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ቢፈለግ እንኳ፣ በፕላኑ መሠረት ለማልማት አቅም ያለው ባለይዞታ ቅድሚያ አለው። መብቱ ግን የባለይዞታ ነው። በማኅበሩ ስም ያልተመዘገበ ቦታ ላይ ቅድሚያም ካሳም ጠይቀህ የሚሰማህ የለም፤ አጥሩ ቅዳሜ ሌሊት ተተክሎ ሰኞ ጠዋት «ልማት ነው» ትባላለህ።

ዘመቻውን የጀመሩ ሰፈሮች የሚሰናከሉት ግን በቢሮው ብቻ አይደለም፣ እውነቱን እንነጋገር። የመጀመሪያው ችግር ማኅበሩ የተቋቋመበት መንገድ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ ለብቻው ማኅበር ሆኖ ከተመዘገበ ሁሉም የየራሱን ሕንፃ ይይዛል፤ የመሀሉ ቦታ ጠያቂ አይኖረውም። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት በአንድ ግቢ ያሉት ብሎኮች በጋራ ተሰብስበው፣ ቦታው የማናቸው የጋራ መጠቀሚያ እንደሆነ በቃለ ጉባኤ መያዝ አለባቸው። በስብሰባው ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፤ ግማሹ ቤት ተከራይቷል፣ ባለቤቱ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ነው። ተከራይ ቢመጣ ድምፅ የለውም። ባለቤቱ በኤምባሲ ያረጋገጠው ውክልና «ቤቴን ያከራይልኝ» ብቻ የሚል ከሆነም ወንድሙ ስብሰባ ገብቶ እጁን ማውጣቱ ዋጋ የለውም። ውክልናው ላይ «በማኅበሩ ጉባኤ ተገኝቶ ድምፅ እንዲሰጥልኝ» የሚል መስመር ያስፈልጋል። አንድ መስመር ናት፤ ስንቱን ጉባኤ ግን በትናዋለች።

ሁለተኛው ልኬት ነው። ኮሚቴው በስልክ ጂፒኤስ ለክቶ ንድፍ ያስገባል። ስልክ በ3 ሜትርና ከዚያ በላይ ይስታል። 20 በ60 የሆነ ቦታ ላይ አጭሩ ጎን በ3 ሜትር ከተሳተ 180 ካሬ ሄደ፤ ከ1,200 ካሬ ላይ 15 በመቶ። ይህ ብቻ አይደለም፤ ስልኩ የሚያወጣው ኮኦርዲኔት (የቦታ መጠቆሚያ ቁጥር) እና ቢሮው አዲንዳን በሚባለው የካርታ መነሻ የያዘው ሲነጣጠሉ ቦታችሁ ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ያኔ «ተደራርቧል» ተብሎ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ያድራል። በቶታል ስቴሽን፣ ማለትም ርቀትንና ማዕዘንን አጥርቶ በሚለካ መሣሪያ፣ የሚለካ ቀያሽ መቅጠር ለ300 ቤት ሲካፈል ከአንድ ወር የጥበቃ መዋጮ የሚበልጥ አይመስለኝም። ሳይት ፕላኑን፣ ማለትም ቤቶቹ ሲሠሩ የጸደቀውን፣ በማኅተም ቅጂ ማውጣት ግን ከሁሉ ይቀድማል። አረንጓዴና መኪና ማቆሚያ ተብሎ የተቀባው እዚያ ላይ ነው። ይህን ወረቀት ስትጠይቁ የሚታየውን የፊት መጨማደድ እዩት፤ ወረቀቱ ምን ያህል እንደሚጠቅማችሁ ከዚያ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛ፣ በካዳስተር፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ከነባለይዞታው በሚመዘገብበት ምዝገባ ጊዜ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ የሚሆንባቸው ቀናት አሉ። ወረዳው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ሄዶ የሚያይ ሰው መመደብ አለበት። ብዙ ሰው የራሱን ቤት ቁጥር አይቶ ይመለሳል። መታየት ያለበት ከጎኑ ያለው ክፍት ቦታ በማን ስም እንደተጻፈ ነው።

አረንጓዴ ቦታውን ለመኪና እጥበት አከራይተው ገንዘቡን የበሉ ኮሚቴዎች አሉ ይባላል። አዎ፣ አሉ። ሌባ ኮሚቴ ይከሰሳል፤ በሦስት ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይከፈታል፣ በየዓመቱ ኦዲት ይደረጋል። ገንዘብ ያዥ ሰረቀ ተብሎ እድር የፈረሰበት፣ ድንኳኑ የተወረሰበት አገር የት ነው? ደግሞ ይህን ክስ የሚያቀርበው አካል ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲሆን ሰው ሳቁን ቢያፍን አይፈረድበትም።

ለጊዜው አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን። «አይቻልም» የሚለው መልስ በጽሑፍ ይሰጥ፤ የሳይት ፕላኑ ቁጥር፣ የአዋጁ አንቀጽ፣ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። በቃል ለተነገረ ነገር ይግባኝ የሚባልበት መስኮት የለም፤ ለዚህም ይመስለኛል ሁልጊዜ በቃል የሚነገረን።