ከሊሾው በታች

ከስቶክሆልም ወጣ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ቤቱን ያሠራ የነበረ አንድ የአገሬ ልጅ የወለሉን ሥራ እንዳይለት ጠርቶኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ታላቅ እህቴ በአዲስ አበባ፣ ከአያት ወዲያ፣ የጀመረችው ቤት መሠረቱ ወጥቶ የወለሉ ተራ ደርሶ ስለነበር፣ አንዱን በዓይኔ፣ ሌላውን ማታ ማታ በስልክ በሚላክልኝ ምስል እያየሁ ሁለት ወር ያህል ሰነበትኩ። የሁለቱ ወለሎች ልዩነት የአቅም ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አልነበረም።

በስዊድን አርማታው የወለሉ ትንሹ ክፍል ነው። የላይኛው አፈር ተጠርጎ ከወጣ በኋላ፣ ደቃቁ ተነፍቶ የወጣለት የተፈጨ ድንጋይ ቢያንስ በ15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ከመሬት የሚሳበው እርጥበት ወደ ላይ መውጣት አይችልም። በላዩ ብዙውን ጊዜ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ሙቀት ወደ መሬት እንዳይሸሽ የሚከላከል ፎም ተደራርቦ ይነጠፋል፣ ፌሮውና የማሞቂያው ቱቦ ይዘረጋል፣ አርማታውም የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ተሞልቶም ቢሆን ፓርኬ ለማንጠፍ አይቸኮልም፤ ባለሙያ መጥቶ አርማታውን ይበሳና መለኪያ ይከትበታል፣ በቀዳዳው ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት ወደ 85 በመቶ እስኪወርድም ብዙ ጊዜ ወራት ይጠበቃል። ወዳጄ በዚህ ጥበቃ ተማሮ ቤት ኪራይና የባንክ ወለድ አንድ ላይ ሲከፍል አይቻለሁ።

ይህን ጥንቃቄ የተማሩት ግን ከጥፋታቸው ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በተሠሩ ብዙ ቤቶች የሙቀት መከላከያውን ከአርማታው በታች ሳይሆን በላዩ፣ በእንጨት ርብራብ መካከል አድርገውት ነበር። ቀዝቃዛው አርማታ ከመሬት የሳበውን እርጥበት ለእንጨቱ አቀበለ፤ እንጨቱ ሻገተ፤ ሽታውም በነዋሪው ልብስ ላይ ሳይቀር አደረ። ዛሬም እንዲህ ያለውን ወለል አፍርሰው እንደገና የሚሠሩ አሉ።

የእህቴ ቦታ ጠላቱ ሌላ ነው፤ መረሬ። ጥቁሩ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ምሰሶዎቹ ጠለቅ ካለ መሠረት ላይ ስለሚቆሙ ቤቱ ዝንፍ ሳይል ወለሉ ብቻውን ይነሣና ይወርዳል፤ የመኝታ ቤቱ በር ከሐምሌ በኋላ አልዘጋ ይላል፣ ሴራሚኩ ከሥሩ ለቆ ሲረገጥ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ባለቤቱም ሴራሚክ ሠሪውን ይረግማል። እውነተኛው ጥፋት ግን ቀድሞ ነው፤ ለመሠረት ተቆፍሮ የወጣው ጥቁር አፈር፣ የማስወጫ መኪና ሒሳብ ለመቆጠብ ሲባል፣ ተመልሶ ግንቡ ውስጥ ይሞላል፣ ድንጋይ ይነጠፍበታል፣ አርማታው ይለብሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያየዋል?

የእህቴ ፎርማንም ይህንኑ ሊያደርግ ነበር። ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ሐሳብ አይግባዎት፤ 25 ሳንቲ ጥቁር ድንጋይ እኮ ይነጠፍበታል» አለኝ። ሰውዬው አልዋሸም፤ ድንጋዩ እንደተባለው ይነጠፋል፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለው አፈር ሲያብጥ ድንጋዩንም አብሮ ያነሣዋል። እኔም በበኩሌ ከእርሱ የተሻልኩ አልነበርኩም፤ ወዳጄ ቤት ያየሁትን ፎም «ከሥር ይግባ» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። እህቴ የጠራችው አንድ ወጣት መሐንዲስ ሳቀብኝ። አዲስ አበባ ውርጭ መሬቱን የሚያቆርርባት፣ ወለል በቱቦ የሚሞቅባት ከተማ አይደለችምና የፎሙን ገንዘብ ለአፈር ማስወጫ አድርጉት አለን። መረሬው 80 ሳንቲ ያህል ተቆፍሮ ወጣ፤ በምትኩ ሰሌክት የሚባለው፣ የማያብጥ የተመረጠ አፈር በ20 በ20 ሳንቲ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ ተደቀደቀ፤ ከድንጋዩ ሥርም ሠራተኛው ሬድ አሽ የሚለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ገባ። ስዊድኖች በወፍጮ የሚያዘጋጁትን እርጥበት ገቺ ጠጠር እኛ ከቢሾፍቱ አካባቢ ኮረብቶች በአካፋ እናፍሳለን።

አርማታው በተሞላበት ቀን ጠጠሩና አሸዋው በሳጥን ተሰፍሮ፣ አንድ ሲሚንቶ ለሁለት አሸዋ ለሦስት ጠጠር፣ ወደ ሚክሰሩ ሲገባ እህቴ ቆማ ቆጠረች። ውሃው ግን በሳጥን አይሰፈርም። ባሬላ የሚሸከሙት ልጆች አርማታው ቀጠን ሲል ለመዘርጋት ይቀላቸዋል፤ ቀጥኖ የተሞላ አርማታ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። በስዊድን ውሃው ከፋብሪካ ተለክቶ በመኪና ስለሚመጣ ይህ ጭቅጭቅ የለም፤ በእህቴ ግቢ ግን ቧንቧውን መዝጋት የእርሷ ፋንታ ሆነ። በሚቀጥሉት ሰባት ቀናትም ጆንያ አልብሳ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣች፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ማለት በርሜል ገዝቶ ሌሊት ተነሥቶ መቅዳት ነው።

ለሳሎኑ ታስቦ የነበረው ግራናይት በአፈር ማስወጫው ተበልቷል። ለጊዜው ቤቱ ሊሾ ነው፤ የሚጠይቋት ዘመዶች ሁሉ ሴራሚኩ መቼ እንደሚገባ ሳይጠይቁ አይወጡም። በሳሎኑ ጥግ ፀጉር የምታህል አንዲት ስንጥቅ አለች፤ እህቴ በሁለቱ ጫፎቿ በእርሳስ ምልክት አድርጋ ቀኑን ጽፋበታለች፤ መስከረም ሲጠባ እንደገና ልታያት ነው።