ማስተካከያ፦ አቶ ቡልቻ ፓርላማ የቆዩት አንድ ዘመን ነው

ባለፈው ሳምንት ስለ አንጋፋው ፖለቲከኛ አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ስጽፍ «የፓርላማውን ክርክር ለሁለት የምርጫ ዘመን አሟሟቁት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና እየጠጣን አንድ ጎረቤቴ «አቦ፣ በ2003ም እዚያው አስቀመጥካቸው እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ልክ ነው። አቶ ቡልቻ ፓርላማ የገቡት በ1997 ዓ.ም. ምርጫ፣ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን (ኦፌዴንን) ወክለው ነው። እስከ 2002 ቆዩ፤ በቃ። ከዚያ በኋላ በመጣው ምክር ቤት ከ547 መቀመጫ የተቃዋሚ ፓርቲ ወንበር አንድ ብቻ ነበረች፤ እሷም የአቶ ግርማ ሰይፉ። ዶ/ር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ደግሞ በግል ተወዳድረው ገብተዋል። እኔ የሁለቱን ምክር ቤቶች ወሬ ቀላቅዬዋለሁ። ከትውስታ መጻፍ ጣጣው ይኼ ነው።

ሌላም አለ። «በጃንሆይ ጊዜም የፓርላማ አባል ነበሩ» ያልኩት ስህተት ነው። ያኔ ምክትል የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። በኋላም አዋሽ ባንክን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። በጀት ላይ ሲናገሩ ሰው ጆሮ የሚሰጣቸው፣ በእኔ እይታ፣ ቁጥሩን ከውስጥ ስለሚያውቁት ነበር።

የፊተኛውን ጽሑፍ ለሰው ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም ላኩልኝ።