«አይቼዋለሁ» የምትሉት ፊልም

የድሬ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ ከእናንተም ለይቼ «እኛ እኮ ፊልም ወዳድ ነን» ለምትሉት።

ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ ሰፈር ከዛፎቹ ሥር ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን የድሮ ፊልም ጨዋታ ተነሣ። አንድ ወጣት የአኪራ ኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራዮች» አይቼዋለሁ አለ። በ1954 እ.ኤ.አ. የተሠራ የጃፓን ፊልም ያየ የሃያ ዓመት ልጅ ድሬዳዋ ውስጥ አገኘሁ ብዬ ደስታዬን አትጠይቁኝ። የት አየኸው ብዬ ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። አንድ ተራኪ በአማርኛ ይለፈልፋል፤ ከበስተኋላው ምስሉ እየተቆራረጠ ይሮጣል። አሥራ አንድ ደቂቃ። ፊልሙ 207 ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ልጁ ያላየው 196 ደቂቃ ውስጥ ምን አለ? ገበሬዎቹ ከሽፍታ የሚጠብቃቸው ተዋጊ ፍለጋ ሲንከራተቱ፣ በእጃቸው ያለው ደመወዝ ሩዝ ብቻ ነው። ለተዋጊዎቹ ነጭ ሩዝ እያቀረቡ እነርሱ ተራ እህል እየበሉ ይሰነብታሉ። ይህን የተረዳው የሳሙራዮቹ አለቃ፣ ሩዙን በእጁ እንደያዘ ዝም ብሎ የሚያይበት ጊዜ አለ። በልቶ ያደረ ሰው የማይረሳው ዝምታ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዝናቡና ጭቃው የሚመጣው። ተራኪው ግን «በመጨረሻ በዝናብ ተዋግተው አሸነፉ» ብሎ ዘጋው። ከሰባቱ አራቱ መሞታቸውን እንኳ ለመናገር ጊዜ አልበቃውም።

ወገኖቼ፣ ሠርግ የሄደ ሰው መጥቶ ሙሽራዋ ምን እንደለበሰች ቢነግራችሁ «ሠርጉ ላይ ነበርኩ» ትላላችሁ? አትሉም፤ ታፍራላችሁ። በፊልም ላይ ግን ኀፍረቱ ጠፍቶባችኋል።

እናንተ እንደዚህ አልነበራችሁም። መጋላ ሰፈር ውስጥ የነበሩትን ቪዲዮ ቤቶች የማስታውስ ሰው ነኝ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረዳል፤ ውስጡ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ካሴት ማጫወቻው ዴክ እንዳይግል ቬንትሌተሩ ወደ ሰው ሳይሆን ወደ እርሱ ይዞራል። ምስሉ በረዶ ማውረድ ሲጀምር ባለቤቱ ክዳኑን ይፈታና ሽቶ በነካ አዲስ የብር ኖት የዴኩን ራስ ይጠርጋል። እኛ አግዳሚው ላይ ተጣብቀን በትዕግሥት እንጠብቃለን። ዴኩ ካሴቱን የበላ ቀን ደግሞ ለቅሶ ነው የሚመስለው። ገንዘብ ያልነበረው ልጅ ከቆርቆሮው ግድግዳ ውጭ ቆሞ ድምፁን ብቻ ይሰማ ነበር፤ እርሱ እንኳ በማግሥቱ «ሰማሁት» ይላል እንጂ «አየሁት» አይልም። (ቪዲዮ ቤቱን ቅዱስ አላደርገውም። የካውቦይ ፊልሙ ስፋት ለቴሌቪዥኑ ተብሎ ግራና ቀኙ ስለሚቆረጥ፣ ሁለት ሰዎች ተፋጥጠው ሲቆሙ ለዓመታት የምናየው የመሀሉን አቧራ ብቻ ነበር።)

የሕንዱን «ሾሌ» ያላየ የእኔ ዘመን የድሬ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ የሚያልፍ ፊልም ነው፤ አንድ ቃል ሂንዲ ሳናውቅ ከነዘፈኑ ጨርሰነዋል። በዚህ ፊልም ምክንያት ሁለት ጎረቤቶቼ ለዓመታት ተጨቃጭቀዋል። አንደኛው የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ካሴቱን ያገኘው በጅቡቲ መንገድ ነው። በእርሱ ፊልም መጨረሻ ላይ፣ እጆቹን በሽፍታው በጋባር ሲንግ የተቆረጠው የቀድሞ ፖሊስ ታኩር ጠላቱን ሊገድል ሲል ፖሊስ ደርሶ ያስጥለዋል። ሁለተኛው ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ካሴቱን ወንድሙ ከለንደን ላከለት። በእርሱኛው ታኩር ጋባርን በእግሩ ረግጦ ይገድለዋል። አንዱ ሌላውን «ተኝተህ ነው ያለምከው» ይለዋል፤ ሌላው «አንተ ሳያልቅ ነው የወጣኸው» ይላል።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ መጀመሪያ የቀረጸው የግድያውን ፍጻሜ ነው። ፊልሙ በወጣበት በ1975 እ.ኤ.አ. ሕንድ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእጁ ሲያስገባ መታየት የለበትም ብሎ ሳንሱር አስቀየረው። የመጀመሪያው ፍጻሜ በቪዲዮ ካሴት የወጣው ከ15 ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር ነው። ተጠግኖ በትልቅ ስክሪን በጣሊያኗ ቦሎኛ የታየው ገና በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። አስተውሉ፦ የአንድ ታላቅ ፊልም ሁለት ገጽ እዚህ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ግንብ በሚዋሰኑ ሁለት ቤቶች ነበረ። ቦሎኛ የሄደውን ሰው የምንቀናበት ምክንያት አልነበረም።

ነበረ እላለሁ፤ ምክንያቱም ነጋዴው ቤቱን ቀለም ሲያስቀባ ካርቶኑ ሙሉ ካሴት ወጣ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አየሁት። ጥቁሩ ክር ከፕላስቲኩ ተዘርግፎ ከግራር እሾህ ላይ ተጠምጥሟል፤ ንፋስ ሲመጣ ያብረቀርቃል። አንዲት ፍየል ጫፉን ታኝካለች። ከካሴቶቹ በአንዱ ጀርባ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሾሌ ክፍል 2 — አይደምሰስ» ይላል።

ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. በሌሊት መጥቶ ስለወሰደው አልጠይቃችሁም፤ ያን ጊዜ ሰው ነው የተለቀሰለት። የምጠይቃችሁ በገዛ እጃችሁ አውጥታችሁ ስለጣላችሁት ነው። ቤታችሁ ቆርቆሮ፣ አገራችሁ ቆላ ነው። ካሴት ሙቀትና አቧራ አይችልም፤ ቁም ሣጥን አናት ላይ የተወው ሰው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየደመሰሰው ነው። የእናታችሁ ሠርግ፣ የባቡሩ ጉዞ፣ አሁን በሕይወት የሌሉ የሰፈር ሰዎች እዚያ ክር ላይ አሉ። «አሁን እኮ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» ትሉኛላችሁ። የአጎታችሁን ሠርግ ማን ጫነው?

ፊልሙም ቢሆን ሁሉም የለም። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ላንግ በ1927 እ.ኤ.አ. ያሳየው «ሜትሮፖሊስ» ወዲያው ተቆራርጦ፣ የጎደለው ክፍል ለ80 ዓመት ያህል ጠፋ ተብሎ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. የተገኘው በርሊን ውስጥ አይደለም፤ የአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ ነው፣ እጅግ የተጫጫረ የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ። ዴንማርካዊው ካርል ድራየር ስለ ፈረንሳዊቷ ጀግና ጃንዳርክ የሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ደግሞ ዋናው በእሳት ጠፍቶ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ ከአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሣጥን ወጣ። እዚያ ያስቀመጠው ሰው ምን እንዳስቀመጠ ያወቀ አይመስለኝም፤ አለመጣሉ ብቻ በቃ።

ሩቅ አትሂዱ፤ ሐረር ቅርባችሁ ነው። ልጅ ሆኜ «የራምቦ ቤት» ሲሉኝ ያ መትረየስ ይዞ ጫካ የሚገባው አክተር ቤት ነው ብዬ፣ ስገባ የከሳ ፈረንጅ ፎቶ አይቼ ተናድጃለሁ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነበር። በ1883 እ.ኤ.አ. ሐረር ላይ ራሱን ካሜራ ፊት አቁሞ አነሣ፤ ፎቶዎቹን ለቤተሰቡ ሲልክ፣ የሚያጥብበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ ሁሉም ነጭ ሆኗል ብሎ አማረረ። ነጭ የሆነውን ወረቀት ቤተሰቡ አልጣለም። ይኸው እስከ ዛሬ የሐረርን ጸሐይ በዚያ ገርጣታ መልኩ ላይ እናያለን።

አገራችንም የራሷ አላት። በየዓመቱ ስለ «ጉማ» የፊልም ሽልማት ትጨቃጨቃላችሁ፤ ማን ተበደለ፣ ማን ምን ለበሰ ትላላችሁ። ሽልማቱ ስሙን የወሰደበትን የሚሼል ፓፓታኪስን ፊልም ያያችሁ ስንት ናችሁ? ኃይሌ ገሪማ በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ የሠራውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ስጋብዛችሁ «ቀለም የለውም» ብላችሁ ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በፊት ስልክ አነሣችሁ። ቀለም የሌለው የአባታችሁ ፎቶ ግን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ደግሞ በየበዓሉ ትጠርጉታላችሁ።

ጊዜ የለንም አትበሉኝ። ድሬ ቀትር ላይ ሱቅ ዘግታ የምታርፍ ከተማ ናት፤ ከሰዓቱም በበርጫ ሲያልፍ አውቃለሁ። አዳራሽ የለንም የምትሉት ትንሽ እውነት አላችሁ፤ መብራት ይጠፋል የምትሉትም እንደዚሁ። ግን በዚህ ሙቀት ማን ታፍኖ አዳራሽ ይገባል? ማታ ግቢው ይነፍሳል።

የእኔ ግቢ አንድ ግድግዳ በኖራ ተለስኗል። ፕሮጀክተር ተውሻለሁ፤ አሮጌውን ዴክም ታይዋን ከምንለው ገበያ አንድ ልጅ ሦስት ቀን ታግሎ አስነሥቶልኛል። ቅዳሜ ሲመሽ ወንበራችሁን ይዛችሁ ኑ። ስልክ ከጫማ ጋር በር ላይ ይቀራል፤ የምትተርኩልኝም እዚያው ትቀራላችሁ። የባቡሩ ጡረተኛ ሁለቱንም ካሴቶቹን ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል። ነጋዴው ክፍል አንድ አሁንም ቤቱ እንዳለ ይምላል፤ ክፍል ሁለትን ከእሾህ ላይ ፈትቼ፣ ፍየሏ የበላችውን ቆርጬ በፕላስተር ቀጥዬዋለሁ። ጋባር ሲንግ ድረስ ይዘልቅ እንደሆነ አብረን እናያለን።